ደረቁን አትጥረጉት

ይህን የምጽፈው በስታዲየም ዙሪያ፣ በቂርቆስና በካዛንቺስ ላረጃችሁ እኩዮቼ ነው። ጥር 1954 ዓ.ም. ቡድናችን ግብፅን 4 ለ 2 ረትቶ የአፍሪካን ዋንጫ ሲያነሳ፣ በልጅነታችሁ የሰማችሁት ጩኸት ዛሬም ጆሯችሁ ውስጥ ያለ ሁሉ፣ የምናገረው ለእናንተ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፉ ቀን አብረን አሳልፈናል። አሁን ግን በእርጅናችን፣ በገዛ ቤታችንና በገዛ እጃችን ልንቀሰቅሰው የምንችል ሞት ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ነገሩ ይህ ነው። ካዛንቺስ ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ አንስቶ ሲፈርስ ስንቶቻችን ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ሰፈር ሄደናል። የቀረነውም ነገ ተነሡ እንባል ይሆናል እያልን ጓዳችንን እያራገፍን ነው። ልጆች ውጭ አገር ከሄዱ ወዲህ ያልተከፈተ ክፍል ይከፈታል፤ የእድር ዕቃ ቤት ይወጣል፤ ኮርኒስ ይቀደዳል። በዚህ ሁሉ ቦታ አይጥ ኖሯል። የአይጥ ሽንትና ኩስ የደረቀበትን አቧራ በመጥረጊያ ማስነሳት ሳንባን የሚያጠፋ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ደረቁን አትጥረጉት፤ መጀመሪያ አርጥቡት። ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ነው።

የቀበሌ ቤት የኖረ ሰው ኮርኒስን ያውቀዋል። ከቆርቆሮው በታች የማዳበሪያ ከረጢት ወይም አቡጀዲ ተወጥሮ ይሰፋል፤ ቀለም ይቀባል ወይም ጋዜጣ ይለጠፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ከበላዩ ምን እንዳለ የሚያይ የለም። መብራት ሲጠፋ ከወዲያ ወዲህ የሚሯሯጠው ፍጥረት ግን እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይወልዳል፣ እዚያው ይሸናል። ቢጫ ካርታ እየሠራ የወረደውን እርጥበት ዝናብ ነው ብለን ስንት ጊዜ አለፍነው። ቤቱ ሊፈርስ ሲል ታዲያ አንድ ሰው መሰላል ላይ ይወጣና ጨርቁን በቢላ ይቀደዋል። የዓመታት ትራፊ፣ የተፈጨ ገለባ፣ ኩስና ጠጉር በአንድ ጊዜ ፊቱ ላይ ይወርዳል። አፉን ከፍቶ ወደ ላይ እያየ ነው የሚቀደው።

የእድራችንን ዕቃ ቤት ስንከፍትም ያየሁት ከዚህ የተለየ አልነበረም። ድንኳኑ ከተጣጠፈበት ጥግ ሸራው ተበልቶ ጎጆ ተሠርቶበታል። ከጎጆው ውስጥ የነጠላ ጥለት፣ የከረጢት ክር፣ የድሮ የመዋጮ ደብተር ቁራጭ ይታያል። በብረት ድስቶቹ ውስጥና በሰሃኖቹ መካከል የሩዝ ፍሬ የሚያህል ጥቁር ኩስ ተበትኗል፤ የሽንቱ ጠረን ዓይን ያቃጥላል። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ፣ ሥራ የማይፈሩ ሰው፣ ሳይውል ሳያድር መጥረጊያ አንስተው ጀመሩ። በበሩ በገባው ፀሐይ ውስጥ አቧራው ሲነሳ እያየሁ መጥረጊያውን ለመንኳቸውና ተቀበልኳቸው። ቅር አላቸው። «ከልጅነታችን ጀምሮ ስንጠርገው የኖርነው ነው፤ ምን ሆንን?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም፤ በአክብሮት መመለስ አለበት። እውነት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አንሆንም። ሀንታ የተባለው የአይጥ ቫይረስ ሳንባ ላይ የሚያመጣው በሽታ በየቤቱ የሚገኝ አይደለም። ቁጥሩ በደንብ በሚያዝበት በአሜሪካ እንኳ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የተመዘገበው ሕመምተኛ ከአንድ ሺህ ያነሰ ነው። ነገር ግን በሽታው ይዟቸው መተንፈስ ካቃታቸው ሰዎች ከመቶው 38 ያህሉ ይሞታሉ። ክትባት የለውም። በሽታውን ለይቶ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። ሐኪም ማድረግ የሚችለው ሕመምተኛው ቶሎ ከደረሰለት ኦክስጅንና የመተንፈሻ መሣሪያ ሰጥቶ ሰውነቱ ራሱን እስኪያድን ማቆየት ነው። ከባልዲ ውሃና ከአንድ ኩባያ በረኪና ጋር ሲመዛዘን ይህ ዕጣ ለማንም የሚጣል አይደለም።

የተዋናዩን የጂን ሃክማንን ፊልሞች በጎልማሳነታችን ያየን ብዙ ነን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 እሱና ባለቤቱ ቤትሲ አራካዋ በኒው ሜክሲኮ ግዛት፣ በሳንታ ፌ ከተማ በሚገኘው ቤታቸው ሞተው ተገኙ። እሷ የ65 ዓመት ሴት ነበረች፤ እሱ 95 ሞልቶታል። የግዛቲቱ መርማሪ ሐኪሞች እሷን የገደላት ሀንታ ቫይረስ ያመጣው የሳንባ በሽታ መሆኑን ገለጹ። እሱ የልብ ሕመምተኛ ነበር፤ የመርሳት በሽታም ጠንቶበት ስለነበር እሷ ከሞተች በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ብቻውን በዚያ ቤት ቆይቶ እሱም ሞተ። የጤና ባለሙያዎች ግቢውን ሲመረምሩ የሚኖሩበት ዋናው ቤት ንጹሕ ሆኖ አገኙት። የአይጥ ምልክት የተገኘው በጋራዦቹና በግቢው ውስጥ ባሉት ትንንሽ ቤቶች ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ እንድታስቡት እለምናለሁ። ሀብት ነበራቸው፤ ቤታቸው ንጹሕ ነበር። በሽታው የነበረው ሰው አልፎ አልፎ በሚገባበት በጓሮው በኩል ነው። ከእኛ መካከልም ባል ሚስቱን፣ ሚስት ባሏን እያስታመመ ሁለት ብቻ ሆኖ የሚኖር ብዙ ነው። አስታማሚው ሲወድቅ የሚወድቀው አንድ ሰው ብቻ አይደለም።

በሽታው በአሜሪካ የታወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 1993 ነው። አራት ግዛቶች በሚገናኙበት በደረቁ አገር፣ በናቫሆ ሕዝብ መሬት ላይ ጤነኛ ወጣቶችን እንደ ጉንፋን የጀመራቸው ሕመም በጥቂት ቀናት ውስጥ ትንፋሽ እያሳጠረ ይገድላቸው ጀመር። ከመጀመሪያዎቹ ሟቾች አንዱ ሯጭ ነበር፤ ሳንባው ከማንም ሳንባ የበረታ ልጅ። ተመራማሪዎች በሳምንታት ውስጥ ምክንያቱን አገኙት፤ በዚያ አገር ቤትና ሜዳ የምትኖር አንዲት ትንሽ አይጥ የምትሸከመው ቫይረስ ነበር። ግን የናቫሆ ሽማግሌዎች ሲጠየቁ ነገሩ ለእነሱ አዲስ አልነበረም። ዝናብ በዝቶ የዛፉ ፍሬ በተትረፈረፈበት ዓመት አይጥ እንደሚበዛ፣ አይጥ በበዛበት ዓመትም ሰው እንደሚታመም ከአባቶቻቸው ሰምተው ነበር። አይጥ ከቤትና ከምግብ መራቅ አለበት፣ አይጥ የነካው ልብስም ይቃጠል ይሉ ነበር። የዚያን ክረምትና ፀደይ ዝናቡ በእርግጥም በዝቶ ነበር። ሽማግሌ ያየውን ሲናገር የሚሰማው ካገኘ ሳይንስም ይደግፈዋል፤ እኔም ዛሬ የሽማግሌ አንደበቴን የማነሳው በዚህ ተማምኜ ነው።

ድንኳን ያለው እድር ሁሉ ደግሞ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ2012 በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ በተባለው ብሔራዊ ፓርክ ያደሩ ጎብኚዎች ታመሙ፤ አሥር ሰዎች በሀንታ ተያዙ፣ ሦስቱ ሞቱ። አብዛኞቹ ያደሩት ብርድ እንዲከላከሉ ግድግዳቸው ድርብ ሆኖ በተሠራ የሸራ ቤቶች ውስጥ ነበር። በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል በነበረው ክፍተት ውስጥ አይጦቹ ጎጆ ሠርተዋል። እንግዳው አልጋው ላይ ተኝቶ የሚተነፍሰው አየር ከዚያ የሚመጣ ነበር። የእኛ ኮርኒስም ከዚያ የሚለየው በጭንቅላታችን ላይ መሆኑ ነው።

የታላላቆቻችንን ነገርም ላንሳ። የቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ ሲሄድ ያየ፣ ወይም ወንድሙን የሸኘ ሰው ዛሬም በመካከላችን አለ። በዚያ ጦርነት ከጥይት ሌላ አንድ የማይታይ ጠላት ነበር። በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ከተሰለፉት ወታደሮች ከ3,000 የሚበልጡት ምክንያቱ በማይታወቅ ትኩሳት ተያዙ። ሰውነታቸው ይደማል፣ ኩላሊታቸው ሥራ ያቆማል፤ ብዙም ሞቱ። ሐኪሞቹ መንስኤውን ፈልገው አጡት። ምስጢሩ የተፈታው ጦርነቱ ካበቃ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ኮሪያዊው ሊቅ ሊ ሆ ዋንግ እ.ኤ.አ. በ1976 በአንዲት የሜዳ አይጥ ሳንባ ውስጥ አገኘው። ቫይረሱም በዚያ ግንባር በሚያልፈው በሃንታን ወንዝ ስም ሀንታን ተባለ። ወታደሩ ጉድጓድ ቆፍሮ አይጥ በኖረበት አፈር ላይ ይተኛ ነበር፤ አቧራውን ይተነፍስ ነበር። ኮሪያ የዘመታችሁ አባቶች፣ ከዘመቻ የመለሳችሁትን ነፍስ ዛሬ ለዕቃ ቤት አቧራ አትስጡ።

የእስያውና የአውሮፓው ዓይነት በይበልጥ ኩላሊትን ይመታል፤ የአሜሪካዎቹ ደግሞ ሳንባን። መንገዱ ግን አንድ ነው። አይጧ አትታመምም። ቫይረሱ በሽንቷ፣ በኩሷና በምራቋ ይወጣል፤ ያ ሲደርቅና ሲነካካ ከአቧራው ጋር አየር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰው ይተነፍሰዋል። ከዚያ ከአንድ እስከ ስምንት ሳምንት ምንም ምልክት የለም። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ ጭንና ወገብን የሚቆረጥም ሕመም ይመጣል፤ አንዳንዱን ያስመልሰዋል። ሰው ተሽሎኝ ይሆናል ሲል ከአራት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ይከተላል። የሳንባ ቀጫጭን የደም ሥሮች ያፈስሱና ሳንባው በገዛ ፈሳሹ ይሞላል። ጠዋት ቆሞ የሄደ ሰው ማታ ማውራት ያቅተዋል።

«ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የተካተቱበት ቡድን በትግራይ፣ በሐገረ ሰላም አካባቢ በተያዙ ነጭ እግር የኢትዮጵያ አይጦች ውስጥ አዲስ የሀንታ ዓይነት ማግኘቱን አሳትሟል፤ ስሙም የትግራይ ቫይረስ ተባለ። ያቺ አይጥ የደጋ እንጂ የስታዲየም አይጥ አይደለችም፤ ቫይረሷ ሰው ማሳመሙም አልተረጋገጠም። እንዲህ ሆኖ ሳለ አገሬው ሁሉ ተለክፏል ብል ውሸታም እሆናለሁ። ነገር ግን ዘሩ በምድራችን የለም ማለት ከእንግዲህ አይቻልም። በከተማ አይጥ የሚዞር ዓይነትም አለ፤ ያው ሊ ሆ ዋንግ በሴኡል ከተማ አይጦች ያገኘው፣ ዛሬ በመርከብ ተጭኖ ዓለምን ያዳረሰው።

ከሁሉ ይበልጥ ግን የሚያሳስበኝ በእርግጥ በአገራችን ያለው ሌላው የአይጥ በሽታ ነው። ሌፕቶስፓይራ ይባላል፤ ባክቴሪያ ነው፤ በአይጥ ኩላሊት ውስጥ ይኖርና በሽንቷ ይወጣል። በአቧራ ሳይሆን በእርጥበት ይመጣል። በጭቃ፣ በተኛ ውሃ፣ በቱቦ ፍሳሽ ውስጥ ይቆይና በተሰነጠቀ ተረከዝ፣ በእጅ ቁስል፣ በዓይንና በአፍ ይገባል። በወንጂ የሸንኮራ አገር ትኩሳት ይዟቸው የመጡ 59 ሰዎች ተመርምረው ግማሽ የሚጠጉት ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል፤ ጥናቱም እ.ኤ.አ. በ2004 በኢትዮጵያ የጤና መጽሔት ወጥቷል። ብዙውን ጊዜ ትኩሳት ሆኖ ያልፋል። ሲከፋ ዓይን ቢጫ ያደርጋል፣ ኩላሊት ይመታል። ከሁሉ የከፋው ሳንባ ውስጥ የሚያደማው ነው፤ ሕመምተኛው ደም እያሳለ ትንፋሽ ያጣል፤ እዚያ ከደረሱት ከግማሽ በላይ የሚሞቱበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 በኒካራጓ ከከባድ ዝናብ በኋላ ሰው ደም እያሳለ ሲሞት ሐኪሞቹ ሌላ በሽታ መስሏቸው ነበር፤ ሲመረመር ይኸው ባክቴሪያ ሆኖ ተገኘ።

ስለዚህ ክረምት ላይ ጎርፍ የገባበትን ምድር ቤት፣ በባንተይቀጡ ወንዝ ዳር የተከመረውን የፈራረሰ ግንብ፣ የተዘጋውን የጓሮ ቱቦ በባዶ እግርና በባዶ እጅ የምትነኩ ሁሉ ይህን አስቡ። ሰፈር ሲፈርስ ጉድጓዱ የተነካበት አይጥ ወደ ቀሩት ቤቶች ይፈልሳል። ሌፕቶስፓይራ ከሀንታ የሚሻልበት አንድ ነገር አለ፤ መድኃኒት አለው። ዶክሲሳይክሊንና ፔኒሲሊን በየፋርማሲው የሚገኙ፣ ዋጋቸውም የማይከብድ ናቸው፤ በጊዜ ከተሰጡ ሰው ያድናሉ። በጊዜ እንዲሰጡ ግን ሐኪሙ ሊጠረጥር ይገባዋል።

ወደዚህ ነበር ልመጣ የፈለግሁት። በእኛ ከተማ ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ የገባ ሰው ምን ተብሎ እንደሚወጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ «ታይፎይድና ታይፈስ»። ካልሆነ ወባ፣ ካልሆነ የሳንባ ምች። ቤት ውስጥ ደግሞ ምች መታው፣ ብርድ ገባው ይባልና ዳማከሴ ይጨመቃል። ዳማከሴውን አልነቅፍም፤ እናቶቻችን ያሳደጉን በእሱ ነው። ግን አንድ ወር ያለፈውን ዕቃ ቤት ማጽዳት ከዛሬው ትኩሳት ጋር የሚያገናኘው የለም፤ ሕመምተኛውም ረስቶታል፣ ሐኪሙም አይጠይቅም። ስምንት ሳምንት ያዙ ያልኩት ለዚህ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ ነበር አባቶቻችን፤ ሳያውቅ የደበቀም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ አይጥ ያለበትን ቦታ ያጸዳችሁበትን ቀን በካላንደር ላይ ጻፉት። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ወራት ትኩሳትና የጡንቻ ሕመም ከያዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ በመጀመሪያ የምትሉት ይህ ይሁን፦ «ከዚህን ያህል ሳምንት በፊት የአይጥ ኩስ ያለበት ቤት አጽድቻለሁ።» ወይም «የጎርፍ ጭቃ ጠርጌያለሁ።» ትኩሳቱ ላይ የትንፋሽ ማጠር ከተጨመረ ደግሞ ነገ አትበሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው። እኛ ሰፈር ዘውዲቱ ሆስፒታል ቅርብ ነው። ልጆቹን ላስቸግር አልፈልግም ብሎ የሚያድር ሽማግሌ፣ በነጋታው የባሰ ችግር ይዞ ነው የሚጠብቃቸው። ሳንባችን የወጣት ሳንባ አይደለም፤ የከሰል ጭስ፣ ሲጋራ፣ አንዳንዶቻችንንም የድሮ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ጎድቶታል። ቀን የሚያሳድር አቅም የለንም።

አሁን ስለ ማጽዳቱ። ዶክተሮች ለሀንታ የሚመክሩት ብዙ ወጪ የለውም። በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከክፍሉ ራቁ። አንድ ኩባያ በረኪና በዘጠኝ ኩባያ ውሃ በጥብጡ፤ በዚያው ቀን የተበጠበጠ ይሁን፣ ከሌላ ማጽጃም ጋር አትቀላቅሉት፣ መርዛማ ጋዝ ሊወጣው ይችላልና። የጎማ ጓንት አድርጉ። ውሃውን ከባልዲ በኃይል አትድፉት፤ አቧራውን ራሱ ያስነሳዋል። በቀስታ አርከፍክፉት፤ ኩሱና ጎጆው እስኪርስ ድረስ አምስት ደቂቃ ተዉት። ከዚያ በወረቀት ወይም በሚጣል ጨርቅ አንስታችሁ በድርብ ፌስታል ቋጥሩት። የሞተ አይጥም እንዲሁ ይርጠብና ይቋጠር፤ በጅራቱ ይዞ ወደ ጎረቤት አጥር መወርወር ይቅር። ወለሉን በዚያው በበረኪና ውሃ ወልውሉት፤ ጓንቱን ሳታወልቁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ካወለቃችሁም በኋላ እንደገና ታጠቡ። ኮርኒስ የሚወርድ ከሆነ ሰው ከሥር እንዳይቆም፤ ጥግ ጥጉ ተቀዶ በቀስታ ይረጠብና ነው መውረድ ያለበት።

አፍንጫ ላይ ነጠላ ማሰር ይህን አቧራ አያግደውም። በኮሮና ጊዜ ያወቅነው ኤን 95 የተባለው ማስክ ይሻላል። ፎቶግራፍ፣ የቤት ሰነድ፣ የውትድርና ደብተር በበረኪና አይነካምና ፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ለብዙ ሰዓት ተዉት። የእድር ድንኳን ውጭ ተዘርግቶ ይፈተሽ እንጂ ዕቃ ቤት ውስጥ አይራገፍ። የቀብር ቀን ለቅሶ ለመቀመጥ ስንዘረጋው አቧራው የሚወርደው በሐዘንተኛው ራስ ላይ ነው።

አይጧን ራሷን በተመለከተ ብዙ አልልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እህል በክዳን ይቀመጥ፣ ቆሻሻ አይደር፣ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ሁሉ በሲሚንቶ ወይም በሽቦ ይደፈን፤ ትንሿ አይጥ በዚያ ታልፋለችና። የአይጥ መርዝን ከምግብ ጋር ለውሶ የልጅ ልጅ በሚደርስበት ቦታ መተው ሌላ ሐዘን ነው፤ ወጥመድ ይሻላል። ድመት መኖሯ መልካም ነው፤ የተጠራቀመውን ግን አታጸዳውም።

በመጨረሻ የምለው ከሁሉ የሚከብደኝ ነው። ከእኛ ብዙዎቻችን ይህን ካነበብን በኋላ ራሳችን ዕቃ ቤት አንገባም። የቀን ሠራተኛ እንጠራለን፤ ከስታዲየም ፊት ለፊት ጫማ የሚጠርገውን ልጅ «ና እስቲ ይህቺን ጥረግልኝ» እንላለን። ልጁ ከገጠር የመጣ ነው፤ የሚያስታምመው ዘመድ የለውም፤ ከአንድ ወር በኋላ ትኩሳት ቢይዘው ቀኑን የሚያስታውስለትም የለም። ጓንትና ማስክ ሳንገዛለት፣ በረኪናውን ራሳችን ሳንበጠብጥለት፣ ሥራው ምን እንደሆነ ሳንነግረው አናስገባው። ሲጨርስ ሳሙናና ውሃ ይቅረብለት፣ ልብሱን የሚቀይርበት ይሰጠው። ስልክ ቁጥራችንንም እንጻፍለት፤ ትኩሳት ከያዘው እንዲደውልልን፣ ከደወለም አብረነው ሐኪም ቤት ሄደን ምን እንዳጸዳ ለሐኪሙ እንድንነግርለት።